ስለ ረባሾች ስም ዝርዝር፦ ለትምህርት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

የዜግነት ትምህርት አስተማሪ ነኝ። በየዓመቱ «የዴሞክራሲንና የአምባገነን ሥርዓትን ልዩነት ጻፉ» የሚል ፈተና አወጣለሁ። «በዴሞክራሲ ምርጫ አለ፣ በአምባገነን ሥርዓት የለም» ብሎ ለጻፈ ሁሉ ሙሉ ነጥብ ስሰጥ ኖሬአለሁ። አሁን ያ ነጥብ ያሳፍረኛል። ደርግም በ1979 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱን በሕዝበ ውሳኔ አስጸድቋል፤ የንግግርና የስብሰባ ነጻነት እዚያም ተጽፎ ነበር። በዚያው ዓመት የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ተካሄደ፤ ዕጩ የሚያቀርቡት ግን ብቸኛው ገዢ ፓርቲ ኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) እና በሥሩ ያሉ ድርጅቶች ነበሩ። በ2007ቱ ምርጫም በወቅቱ ገዢ የነበረው ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ መቀመጫ ወስደዋል።

ዓይኔን የገለጠልኝ ከደብተር የተቀደደ ቁራጭ ወረቀት ነው። አርፍጄ ክፍል ስገባ የክፍል አለቃው እንደተለመደው የረባሾችን ስም ሰጠኝ፤ እኔም እንደ ልማዴ ሰባቱንም ሰሌዳው ሥር ተንበርከኩ አልኩ። ስድስቱ ተንበረከኩ። አንዷ ግን እንደቆመች፣ «መምህር፣ ምን አጠፋሽ ተብዬ ሳልጠየቅ?» አለችኝ። ኋላ ሳጣራ ጥፋቷ ለአለቃው ማስመሪያ አላውስም ማለቷ ነበር። በእጄ የያዝኩት የዕለቱ ትምህርት ደግሞ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ነው፦ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ቀርቦ የተያዘበት ምክንያት ሊነገረው ይገባል።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናት በደርግ ያለ ፍርድ ሲረሸኑ ስማቸው ዝርዝር ውስጥ መግባቱ በቂ ነበር። ከልጆች ቅጣት ጋር እንደማይወዳደር አውቃለሁ። ነገር ግን ልጅ ያለ ጥያቄ መንበርከክን በትምህርት ቤት ከለመደ፣ ሲያድግ «ለምን?» የሚለውን ቃል ከየት ያመጣዋል?

ስለዚህ ሚኒስቴሩ ለሁሉም ትምህርት ቤቶች መመሪያ እንዲያወርድ እጠይቃለሁ፦ የክፍል አለቃ በተማሪዎች ይመረጥ፣ እምነት ሲያጎድልም በመረጡት ተማሪዎች ይነሳ፤ ስሙ የተመዘገበ ተማሪም ሳይሰማ አይቀጣ። በእኔ ክፍል ከጀመርነው አንድ መንፈቅ ሆኖናል። የመጀመሪያው አለቃ በሦስተኛው ሳምንት ተነሳ፤ አኩርፎ ሰነበተ፣ በሚቀጥለው ምርጫ ግን እጁን አውጥቶ እንደገና ተወዳደረ።

ተማሪዎቹ በእጃቸው የጻፉትን የአንድ ገጽ ደንብ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የዜግነት ትምህርት መምህር