የኦስሎ ጫካ ለኛም ክፍት ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። ይሄን የምጽፈው ኦስሎ ለምንኖር ሐበሾች ነው፣ በተለይ ልጅ ለምናሳድገው።

ከተማችንን የከበበው ማርካ የሚባለው ጫካ 1,700 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጥዱ ሐይቁ ማለቂያ የለውም። ሩቅ እንዳይመስላችሁ፣ ቲ-ባነ የሚባለው የከተማው ባቡር 5 ቁጥር መጨረሻው ሶንግስቫን ሐይቅ ነው፣ 1 ቁጥር ደግሞ ፍሮግነርሴተረን ተራራው ላይ ያወጣችኋል፣ ሁለቱም ሥራ በምንመላለስበት በዛው ካርድ። ታዲያ እሁድ እሁድ ስሄድ ከኛ ሰው የማገኘው በጣም ጥቂት ነው፣ ይሄ ያሳዝነኛል። ልጆቻችን ባርነሃገ ከሚባለው መዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ቱር እየተባለ ጫካ ይወጣሉ፣ ሰኞ ዕለት «ቅዳሜና እሁድ የት ዋላችሁ?» ሲባሉ ግን ጓደኞቻቸው ስለ በረዶ መንሸራተቻው ስኪ ስለ ድንኳን ሲያወሩ የኛዎቹ ዝም ይላሉ።

ለምን አትወጡም ስል ብዙዎች የሰው መሬት ቢሆንስ፣ ቢያባርሩንስ ይሉኛል። ኧረ ማንም አያባርራችሁም! በፈረንጆች 1957 የወጣው ሕግ መሬቱ የማንም ይሁን የማን ባልታረሰ ቦታ በእግር መሄድን ለሁሉም ሰው ፈቅዷል፣ ዜግነት አይጠየቅም ክፍያም የለም። ከሰው ቤት 150 ሜትር ርቃችሁ ድንኳን ተክላችሁ ሁለት ሌሊት ማደርም ይቻላል። በፈረንጆች 2009 ደግሞ ጫካው በግንባታ እንዳይበላ ለብቻው ሕግ ወጣለት። ማሪዳልስቫን የሚባለው ሐይቅ ግን የከተማው የመጠጥ ውሃ ስለሆነ እዛ መዋኘት ክልክል ነው፣ ልጆቹን ሶንግስቫን አዋኟቸው።

ወጪውም ቢሆን አያስፈራም። ቡኣ የሚባለው ድርጅት ስኪውንም ሸርተቴውንም በነጻ ያውሳል፣ እናንተ የምትገዙት ከውስጥ የሚለበሰውን የሱፍ ልብስ ነው፣ እሱ ላይ አትቆጥቡ፣ ጥጥ ላብ ከጠጣ በኋላ ልጁን ያንቀጠቅጠዋል። መንገድ ለማወቅ ዛፍ ላይ ያለውን ቀለም እዩ፣ ሰማያዊው የእግር መንገድ ነው፣ ቀዩ የስኪ ነው፣ በበረዶ ጊዜ ረግረጉ ስለሚጠጥር በላዩ ያልፋል እና በሙቀት ወራት ቀዩን የተከተለ ጭቃ ውስጥ ይገባል። ዲሴምበር ላይ ፀሐይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እንዳለፈ ስለምትጠልቅ የግንባር መብራት ያዙ። ኤልግ የሚባለው ትልቁ የአጋዘን ዘር ካጋጠማችሁ ሳትጠጉ መንገድ ልቀቁለት፣ በተለይ ግልገል ካላት።

አሁን ዋናው ልመናዬ ለሰንበት ትምህርት ቤቶችና ለኮሚዩኒቲ ማኅበሮቻችን ነው። ብሎቤር የሚሉት ሰማያዊው የጫካ ፍሬ የሚበስለው ልክ በፍልሰታ ጾም ነው፣ የጾም ምግብ ነው፣ ነጻ ነው፣ ባልዲ ይዞ መልቀም ነው እንግዲህ። ከቅዳሴ በኋላ ቤተሰቡን በሙሉ ይዛችሁ ውጡ፣ ሽማግሌዎቹ ሶንግስቫን ዙሪያውን ይሂዱ፣ 3 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው መንገዱም ሜዳ ነው፣ ጉልበት ያለው ጫካው ውስጥ እስካለው ማረፊያ ቤት እስከ ኡለቮልሴተር ይውጣ፣ እዛ ቡናና ቫፈል አለ። የቡሄን ችቦ ግን ጫካ አትውሰዱ፣ ከኤፕሪል 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ጫካ ውስጥም ጫካ አጠገብም እሳት ማንደድ በሕግ የተከለከለ ነው።

እናንተም ጋዜጠኞች ከፍልሰታ በፊት ይሄንን በደንብ ዘርዝራችሁ ብታወጡት ብዙ ወላጅ ይነሳል ብዬ አምናለሁ።

አክባሪያችሁ፣ ከኦስሎ