በእርስዎ ትረካ ውስጥ ያልነበረችው ሴት

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰንብተዋል? የጉልበትዎ ሕመም ሻል አለዎት? እኛ ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው እሑድ በስልክ ስለ አሜሪካው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ፣ ስለ ስታር ትሬክ፣ የጀመርነው ጨዋታ መሐል ላይ ቢቋረጥም እኔን ግን ሰሞኑን ሁሉ ሲያብሰለስለኝ ሰንብቷል። በስልክ ልቀጥለው ብል ድምፄ ከፍ ይልና አስቀይምዎታለሁ ብዬ ስለፈራሁ በደብዳቤ ማድረጉን መረጥኩ።

እርስዎ አሜሪካ ተማሪ በነበሩበት ጊዜ፣ ተከታታዩ እ.ኤ.አ. በ1969 ከተቋረጠ በኋላ በየጣቢያው እየተደገመ ሲታይ ማታ ማታ ይከታተሉት እንደነበር፣ እኛንም መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማ አብርተው ስለ ኢንተርፕራይዝ የጠፈር መርከብና ከሌላ ፕላኔት ስለመጣው መኮንን ስለ ስፖክ ጆሮ ያጫውቱን እንደነበር መቼም አልረሳም። ከሁሉ አስበልጠው የሚወዱት ካፒቴን ከርክ ለሁለት የተከፈለበትን ታሪክ ነበር። ሰውን በቅጽበት ከቦታ ቦታ የሚያሻግረው የማጓጓዣ መሣሪያ ይበላሽና አንዱን ሰው ሁለት ያደርገዋል፤ አንደኛው ደግና ርኅሩኅ ሆኖ መወሰን ያቅተዋል፣ ሌላው ቆራጥና ጉልበተኛ ሆኖ ልጓም የለውም። «ክፉውን ጎናችንን ገርተን እንጂ ገድለን አንኖርም» ይሉን ነበር። ይህን አባባልዎን እኔም ለልጄ ነግሬያታለሁ።

ባለፈው ወር ከእርሷ ጋር ተቀምጠን ያንኑ ክፍል ስናየው ግን በመካከሉ አንዲት ሴት አገኘሁ። በእርስዎ ትረካ ውስጥ አንድም ቀን አልነበረችም።

ጃኒስ ራንድ ትባላለች፤ ለካፒቴኑ ወረቀት የምታስፈርም፣ ምግቡን የምታቀርብ የበታች ሠራተኛው ናት። ልጓም የሌለው ከርክ ክፍሏ ድረስ ሄዶ በጉልበት ሊደፍራት ሲሞክር ፊቱን ቧጭራ ትታገለዋለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ትዕይንት ሦስት ጊዜ መልሼ አይቼዋለሁ። ራንድ እያለቀሰች በስፖክ፣ በዶክተር ማኮይና በደጉ ከርክ ፊት የደረሰባትን ትናገራለች፤ ማለትም ያጠቃትን ሰው መልክ የያዘው አለቃዋ ፊት ለፊቷ ቆሞ እየሰማት ነው። ካፒቴን ስለሆነ ዝም ብላ እምቢ ልትለው እንዳልቻለች፣ በችግር ውስጥ ልትከተው እንደማትፈልግ፣ ሌላ የመርከቡ ሠራተኛ ባያይ ኖሮ ነገሩን እንደማታነሣው ትናገራለች። ከርክም ጠጋ ብሎ «ፊቴን እዪኝ፤ ጭረት አለበት?» ይላታል። ለእርሱ ይህ የንጽሕናው ማስረጃ ነው፤ ለእርሷ ግን ያንኑ ፊት ደግሞ በቅርብ ማየት ነው። ልጄ እዚህ ላይ ፊልሙን አቁሚው አለችኝ።

እርስዎ በስልክ «የትናንቱን በዛሬ ሚዛን አትመዝኚው፤ ዘመኑ እንደዚያ ነበር» አሉኝ። ሌላ ሥራ ቢሆን ኖሮ እሺ ብዬ በተቀበልኩዎት ነበር። ይህን በሚመለከት ግን አልቀበልም፤ ምክንያቱም ተከታታዩ ራሱ ያውቅ ነበር። ይህ ክፍል የታየው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 6 ቀን 1966 ነው። ልክ ከ21 ቀን በፊት፣ መስከረም 15፣ ቻርሊ ስለሚባል የ17 ዓመት ልጅ የሚተርክ ክፍል ታይቶ ነበር፤ የቴሌቪዥን ጽሑፉን ያዘጋጀችው ዶርቲ ፎንታና ናት፣ ስሟን በመነሻ ፊደላት ብቻ ታወጣ የነበረችው ጸሐፊ። ቻርሊ ከሰው ርቆ ያደገ ነውና ይህችኑ ራንድን ከኋላዋ መታ ያደርጋታል፤ ሳያንኳኳም ክፍሏ ይገባል። ከርክም አፉ እየተሳሰረ (እዚህ ላይ ሳቄ መጥቷል፤ ወንድሜን ሲመክሩት የነበረውን ፊትዎን አስታወሰኝ) ነገሩ የአንድ ወገን መንገድ እንዳልሆነ፣ የእርሱ ስሜት ብቻ ሳይሆን የልጅቷም ስሜት እንደሚቆጠር፣ እንዳይጫናትም ይነግረዋል። ስለ ፈቃድ ከዚህ የበለጠ ግልጽ አድርጎ መናገር ይቻላል? ያው መርከብ፣ ያው ካፒቴን፣ ያችው ሴት፤ በመካከሉ ያለው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። አላወቁም ማለት አንችልም፤ ያወቁትን በሦስት ሳምንት ውስጥ ጥለውታል እንጂ።

ይበልጥ የከነከነኝ የክፍሉ መጨረሻ ነው። ከርክ ወደ አንድ ሰውነቱ ከተመለሰ በኋላ ራንድ ልታነጋግረው ትመጣና ዐረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ አመስግኖ ያሰናብታታል። ስታልፍ ደግሞ ስፖክ፣ የእርስዎ ምክንያታዊው ስፖክ፣ ያ አስመሳይ (ክፉውን ከርክ ማለቱ ነው) አንዳንድ ማራኪ ባሕርያት ነበሩት፣ አይደለም ወይ ብሎ ይጠይቃታል። አየት አድርጋው ሳትመልስለት ትሄዳለች። ራንድን ሆና የተጫወተችው ግሬስ ሊ ዊትኒ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመችው ግለ ታሪኳ፣ ጥቃት ለደረሰባት ሴት ከዚህ የከፋ ጭካኔ ያለበት ንግግር ማሰብ እንደማትችል ጽፋለች። በዚያው መጽሐፍ፣ ተከታታዩ ይቀረጽ በነበረበት ጊዜ እርሷ ራሷ በአንድ ኃላፊ ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባት ገልጻለች፤ ስሙን ግን አልጠራችም። የመጀመሪያው ዓመት ሳያልቅም ከሥራው ተሰናብታለች።

የመርከቡ መኮንን ኡሁራና ከርክ የተሳሳሙበትን፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 1968 የታየውን ክፍል አንሥተው «ያስ?» ብለውኛል። ጥቁር ሴትና ነጭ ወንድ በዚያን ጊዜ አሜሪካ በቴሌቪዥን መሳማቸው ትልቅ ነገር እንደነበር አልክድም፤ ያን ሲያዩ በባዕድ አገር ብቻዎን የነበሩት እርስዎ ምን እንደተሰማዎትም ይገባኛል። ነገር ግን እስኪ ታሪኩን ያስታውሱት፤ ሁለቱም የሚሳሳሙት ወደው አይደለም። የዚያች ፕላኔት ገዥዎች በአእምሮ ኃይላቸው አካላቸውን እንደ አሻንጉሊት እያንቀሳቀሱ፣ ለራሳቸው መዝናኛ ያስገድዷቸዋል። ስሟ በስዋሂሊ «ነጻነት» ከሚለው ቃል የተወሰደ ሴት ከንፈሯን እንኳ ማዘዝ ተስኗት እየተንቀጠቀጠች «አልፈራም» ትላለች። እዚህ ግን ጸሐፊዎቹ አልተሳሳቱም፤ ማስገደዱ ግፍ መሆኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያሳያሉ፣ በኡሁራ ላይ የሚቀልድባትም የለም። ልዩነቱ ግፈኞቹ ባዕዳን መሆናቸው ይመስለኛል። ግፈኛው የራሳቸው ካፒቴን ሲሆን ነው ቀልዱ የመጣው።

አባባ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ስለ ፊልም ብቻ ብዬ እንዳይመስልዎት። ሃያ ሦስት ዓመቴ እያለ፣ በመጀመሪያው መሥሪያ ቤቴ፣ አለቃዬ ቢሮው ጠርቶኝ በሩን የዘጋ ዕለት፣ ቤት ገብቼ ለእርስዎና ለእማማ የነገርኩዎትን ያስታውሱ ይሆናል። ሹራቤ እጅጌው ላይ ተተርትሮ ነበር፤ እማማ ዝም ብላ መርፌና ክር አመጣች። እርስዎ ደግሞ «አታንሺው፤ እንጀራሽን ያሳጣሻል» አሉኝ። ሊጠብቁኝ ፈልገው እንደሆነ ያኔም ዐውቅ ነበር። ነገር ግን ራንድ «ባላነሣሁት ነበር» ስትል የሰማሁት የእርሷን ድምፅ ብቻ አልነበረም። ሹራቡን አልጣልኩትም፤ የተሰፋበት ክር ቀለሙ ትንሽ ይለያል።

ይቅርታ እንዲጠይቁኝ አይደለም የምጽፍልዎ። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። የልጅ ልጅዎ ለመጪው እሑድ ጥያቄ አዘጋጅታለች፤ ስፖክ ምክንያታዊ ከሆነ ያን ቃል ለራንድ ለምን ተናገራት ብላ ትጠይቅዎታለች። እኔን ስትጠይቀኝ አያትሽ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል ብዬ ወደ እርስዎ መርቻታለሁ። ታሪኩንም ከመጀመሪያው ይንገሯት፤ እንደ በፊቱ ሻማ እንደበራ አድርገው፣ ራንድን ግን ሳይተዉ።

መድኃኒትዎን በሰዓቱ መውሰድ አይርሱ።

አክባሪ ልጅዎ