ከ«ደህና ነኝ» በኋላ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤ ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው እትማችሁ በሰው ዘንድ ስለመወደድ ስላወጣችሁት ጽሑፍ ነው የምጽፈው። ያነበብኩት አራት ኪሎ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ድሮ እዚሁ አራት ኪሎ መንገድ ዳር ቁጭ ብለን ጋዜጣ ተከራይተን ነበር የምናነበው፤ አንዱ ገጹን ሳይጨርስ ሌላው ከጀርባው አንገቱን አስግጎ ቀድሞት ይጨርስና «ግለጠው እንጂ!» ይለዋል። የአሁኑን ግን ገዝቼ ነው ያነበብኩት። ስለዚህ ትንሽ የማጉረምረም መብት አለኝ።

ጽሑፉ አሥር ምክር ደርድሯል። ፈገግ በሉ። የሰውየውን ስም ደጋግማችሁ ጥሩ። ዓይን ዓይኑን እያያችሁ አውሩ። የተዘጋጀ ቀልድ ይኑራችሁ። ሌላም ሌላም።

ፈገግታውስ ይሁን፣ ከፍትፍቱ ፊቱ ይባል የለ። ስሙ ላይ ግን አልስማማም። እስቲ አስቡት፣ አንድ ሰው «አቶ እገሌ፣ እንዳልኩዎት አቶ እገሌ፣ ስለዚህ አቶ እገሌ» እያለ ቢያናግራችሁ የሆነ ነገር ሊሸጥላችሁ ነው ብላችሁ ኪሳችሁን ትይዛላችሁ። እኛ ዘንድ እንዲያውም ቀረቤታ የሚጀምረው ስም ሲቀር ነው። ጋሼ፣ እትዬ፣ ወንድሜ፣ የኔ እናት። ዓይን ዓይኑን ማየትም ቢሆን ሰውና ሰው ይለያያል፤ እኔ ያደግኩበት ቤት ትልቅ ሰው ሲያናግርህ አንገትህን ደፋ አድርገህ ነው የምትሰማው፣ አፍጥጠህ ብታይ «ይሄ ልጅ ምን ሆኗል?» ነው የምትባለው።

የቀልዱን ነገር ግን በራሴ ደርሶ አይቼዋለሁ።

የዛሬ ሰባት ዓመት ገደማ ነው። አንድ ባልደረባችንን ለመሸኘት ካዛንቺስ አንድ ሥጋ ቤት ተሰበሰብን። እኔ ዝምተኛ ነኝ። ዝምታዬን ደግሞ ሰው ኩራት ነው የሚለው። «ያ ሒሳብ ክፍል ያለው፣ ፊቱ የማይፈታው» ይሉኝ እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ። እናም ለዚያ ምሽት ሦስት ቀልድ ከቴሌግራም ቃርሜ፣ በወረቀት ጽፌ፣ መስታወት ፊት ቆሜ ተለማምጄ ሄድኩ። (አዎ፣ መስታወት ፊት። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።) የመጀመሪያው ላይ ሁለት ሰው ሳቀ። ሁለተኛው ላይ አንዱ «እሱማ የቆየ ነው» አለ። ሦስተኛው ስለ መላጣ ሰው ነበር። ጀምሬ መሃል ላይ ስደርስ የምንሸኘው ሰውዬ ከጠረጴዛው ላይ ባርኔጣውን አነሳና ቀስ ብሎ ደፋው። ያኔ ነው የገባኝ። ወደኋላ መመለስ አልችልም፣ ማቆምም አቃተኝ፣ ጨረስኩት። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የቢላዋ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ቁርጡን አልፎ ሰሃኑን ሲነካ። አንድ ደግ ሰው «እስቲ አዋዜውን አቀብሉኝ» ብሎ ገላገለኝ። አዋዜው እኮ ፊት ለፊቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ ዝምታዬ ተመለስኩ። ሐሳቤን ያስቀየረችኝ ቡና የምታፈላ ልጅ ናት።

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ አንድ ሕንፃ ሥር ረከቦቷን ዘርግታ ትቀመጣለች። ሰባት የፕላስቲክ በርጩማ ቢኖራት ነው። ከጎኗ ቡና የሚያፈሉ ሌሎች ሁለት አሉ፤ እውነቱን ለመናገር የእነሱ ቡና ከእሷ ይሻላል፣ የእሷ አንዳንዴ ይቀጥናል። ሰው ግን ቆሞ ወንበር የሚጠብቀው እሷ ጋ ነው። ለምን ይሆን ብዬ አንድ ሰሞን ተከታተልኳት። በመልክ ነው እንዳልል ከጎኗ ያለችው ትበልጣታለች። ቀልደኛ አይደለችም። ብዙም አታወራም።

አንድ ቀን ሎተሪ የሚያዞሩ ሽማግሌ መጡ። ሲኒ እያለቀለቀች ቀና ብላ «ጋሼ፣ የልጅዎ ፓስፖርት ወጣላት?» አለቻቸው። «ወጣላት» አሉ። እኔ ብሆን እዚህ ጋ «እሰይ፣ ተመስገን» ብዬ ወሬውን ዘግቼው ነበር። እሷ ጀበናውን ማቶቱ ላይ መልሳ «እትዬስ ምን አሉ?» አለች። ሽማግሌው የሎተሪ ሰሌዳቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። እትዬ ለካ አኩርፈዋል። ልጅቷ ከሄደች ቤቱ ውስጥ ሁለት ሽማግሌ ብቻ ነው የሚቀረው፣ «ወጣልኝ ብላ ስትጮህ እኔ እልል ማለት አቃተኝ» ብለዋል አሉ፤ ከዚያ ያደረች ኩርፊያ፣ ከዚያ የሽማግሌው ማባበል፣ ከዚያ ልጅቷ ራሷ «በቃ ይቅርብኝ» ማለቷ። ሁለተኛ ሲኒ ጠጡ። እሷ በዚያ ሁሉ ጊዜ የተናገረችው «ውይ»፣ «ታዲያስ?» እና «እርስዎንስ አልከፋዎትም?» ብቻ ነው። ሰሌዳቸውን አንስተው ሲሄዱ ወደ እኔ ዞር አሉና «ይቺ ልጅ እኮ ጨዋታ ታውቃለች» አሉኝ።

ጨዋታ ታውቃለች! የተጫወቱት እሳቸው ናቸው።

ያን ቀን ቢሮ ተመልሼ ሥራ አልሠራሁም። እኛ እኮ ሰላምታ አያንሰንም። ሰላም ነው፣ ደህና ነህ፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ቤተሰብ ደህና፣ ልጆች ደህና እየተባባልን ትከሻ ለትከሻ እንገጫጫለን። ግን ጠያቂው መልስ አይጠብቅም፣ መላሹም አይመልስም። ሁለቱም እኩል ነው የሚያወሩት፤ «ይመስገን፣ ይመስገን፣ አንተስ፣ ይመስገን»። ልነቅፈው አይደለም፣ እወደዋለሁ። በር ማንኳኳት ማለት ነው። ችግሩ አንኳኩተን አንኳኩተን፣ በሩ ገርበብ ሲል «በሉ ደህና ዋሉ» ብለን መሄዳችን ነው። ቡና የምታፈላዋ ልጅ ግን «ወጣላት» የምትለዋን ቃል ይዛ ገባች። የሰው ፍቅር ያስገኘላት ያ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። በአሥሩ ምክር ውስጥ ደግሞ ያጣሁት እሱን ነው።

ፈረንጆቹም ደርሰውበታል። በእነሱ አቆጣጠር በ2017 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ሲያወሩ ብዙ የሚጠይቁ ሰዎች፣ በተለይ ሌላው ከተናገረው ተነስተው ተከታዩን የሚጠይቁት፣ ይበልጥ ተወደው ተገኝተዋል። በማግስቱ ዓመት በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የማይተዋወቁ ሰዎችን አገናኝቶ ካስወራ በኋላ ለየብቻ ጠየቃቸው፤ አብዛኛው ሰው ያኛው ምን ያህል እንደወደደው አሳንሶ ነው የገመተው። ይህን ሳነብ ካዛንቺስ ትዝ አለኝና «ያን ጊዜም ያን ያህል አልጠሉኝም ይሆናል» አልኳት ባለቤቴን። «መላጣው ሲቀር» አለችኝ። ደግሞ ኤልየት አሮንሰን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በ1966 የሠራው አለ። ጥያቄ ሲመልስ በጣም ጎበዝ የሆነ ሰው ልብሱ ላይ ቡና ሲደፋ፣ ድምፁን በቴፕ የሰሙት ሰዎች ይበልጥ ወደዱት። ተራው ሰው ሲደፋ ግን ጭራሽ ቀነሱበት። ስለዚህ ቡና ከመድፋታችሁ በፊት ከየትኛው ወገን እንደሆናችሁ አረጋግጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ግን ጥፋት ነው። ጠይቁ ሲባል መርምሩ የተባለ የሚመስለው ሰው ሞልቷል። ደመወዝህ ስንት ነው? ቤቱ የራስህ ነው ወይስ ኪራይ? ልጅስ ለምን አትደግሙም? እህቴ 36 ዓመቷ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር አንዲት አክስታችን «አንቺስ፣ መቼ ነው?» ትላታለች። ምኑ እንደሆነ እንኳ አትጠራውም፣ «መቼ ነው?» ብቻ፣ እንጀራ እየቆረሰች። የዛሬ ዓመት ፋሲካ እህቴ ዶሮዋን ሳትጨርስ ተነስታ ወጥ ቤት ገባች። ተከትያት ስገባ የታጠበ ሳህን እንደገና ታጥባለች። አክስታችን ክፉ ሰው አይደለችም፣ እህቴንም ትወዳታለች። ጥያቄዋ ግን ከእህቴ ወሬ የተነሳ አይደለም፤ ከራሷ ሆድ የወጣ ነው። እህቴ እኮ ያን ዕለት ስለ ሥራዋ ማውራት ጀምራ ነበር። አዲስ ኃላፊነት ተሰጥቷት እንዴት እንደሚያስፈራት። ማንም ጫፉን አልያዘላትም፣ እኔንም ጨምሮ።

ሌላው ብድግ ማለት ነው። በልጅነቴ ቤት ሰው ሲገባ «ኖር!» እየተባለ ሁሉም ይነሳል፣ እንግዳው «በእግዜር!» እያለ ይለምናል፣ ግብግብ ነው። ዛሬ ካፌ ውስጥ ሰው መጥቶ ሲቀመጥ ዓይናችንን ከስልኩ ካነሳን ትልቅ ነገር ነው። በግማሽ ወገብ እንኳ ብድግ ብትሉለት ሰውየው ወንበሩን ሳይስብ ግማሹን ወዶአችኋል። ገንዘብ አይጠይቅም። ጉልበት ግን ይጠይቃል፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

እኔ ያደግኩት ዶሮ ማነቂያ ነው። እዚያ ተወዳጅ ለመሆን መልፋት አያስፈልግህም። የሚያናግሩህ እናትህን የሚያውቁ፣ የወተት ጥርስህን ጣሪያ ላይ ስትወረውር ያዩህ ሰዎች ናቸው። ዝም ብትል እንኳ «እሱ ከልጅነቱም እንዲህ ነው» ይሉሃል። ሰፈሩ በእኛ አቆጣጠር በ2016 ፈረሰና እኛም እንደሌላው ተበተንን። አሁን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነኝ። ውሃ ያልወጣ ቀን ጀሪካን ተሸክመን ደረጃ ላይ እንገናኛለን፣ በትንፋሽ ሰላም እንባባላለን፣ በራችንን እንዘጋለን። ፊት ለፊቴ ያለው ሰው ምን እንደሚሠራ እስካሁን አላውቅም። ለዚህ ነው በርዕሳችሁ ያልሳቅኩት። በዚህ ከተማ በአርባና በሃምሳ ዓመቱ ከሰው ጋር መተዋወቅን ከሀ ሁ የጀመረው ብዙ ነው።

እኔ የጀመርኩት ከመሥሪያ ቤታችን በር ነው። ጠዋት ጠዋት የሚፈትሸን ወጣት የጥበቃ ሠራተኛ አለ። አራት ዓመት ሙሉ «እንደምን አደርክ»፣ «ይመስገን ጋሼ» ተባብለናል። አንድ ጠዋት ቦርሳዬን ሲፈትሽ ከጃኬቱ ኪስ የተጠቀለለ ደብተር ብቅ ብሎ አየሁና «ምንድን ነው የምትማረው?» አልኩት። ልጁ ክው አለ። «በሥራ ሰዓት አላነብም ጋሼ» አለኝ፣ ደብተሩን ወደ ውስጥ እየገፋ። የመጀመሪያ ሙከራዬ ሰው ማስደንገጥ ሆነ። «ኧረ እኔ ምን አገባኝ፣ ማታ ትማራለህ እንዴ ብዬ ነው» አልኩት። ትንሽ አየኝና «አካውንቲንግ» አለ።

እኔ 22 ዓመት ሒሳብ የሠራሁ ሰው ነኝ። አራት ዓመት በዚያ በር ገብቼ ወጥቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ዴቢትና ክሬዲት በር ላይ ነው የምናወራው፣ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው እስኪያጉረመርም። የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ የገባው ፍተሻ ጠረጴዛው ላይ፣ በጀርባው በተገለበጠ የእንግዳ መመዝገቢያ ወረቀት ነው። አንዳንድ ቀን እሱም አይመቸውም፣ እኔም ይረፍድብኛል፣ ያኔ እንደ ድሮው «ይመስገን» ተባብለን እናልፋለን። ምንም አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ፈተና ነበረው። ሰኞ ጠዋት «እንዴት ሆነ?» አልኩት። «ደህና ነው ጋሼ» አለ። ፊቱ ግን ደህና አይልም። «የቱ ነው ያስቸገረህ?» አልኩት። «ይሄ ዲፕሪሲዬሽን፣ የእርጅና ቅናሹ» አለኝ። ላስረዳው ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ፣ «ጉልበትዎስ ተሻለዎት? ደረጃ ስወጣ ያመኛል ብለውኝ ነበር» አለኝ። መናገሬንም ረስቼዋለሁ።

«እሱም የእርጅና ቅናሽ ላይ ነው» አልኩት።

ልጁ ሳቀ። ከኋላዬ የተሰለፉትም ሳቁ። መስታወት ፊት አልተለማመድኩትም።

አክባሪያችሁ፣
ከአራት ኪሎ፣ የሒሳብ ሠራተኛው