የሙዚቃ ክበባችን ዓመት ከዶሊ ፓርተን ጋር

ዘንድሮ የትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ በአንዲት ሰው ሥራ ላይ ብቻ አተኩሯል፤ በአሜሪካዊቷ የካንትሪ ዘፋኝና የዘፈን ደራሲ ዶሊ ፓርተን። «የራሳችን ስንት ድምፃዊ እያለ ለምን እሷን?» ያሉ ወላጆችና ባልደረቦች ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን የኛ ልጆች መዝፈን ብቻ ሳይሆን መጻፍም ይፈልጋሉ። ዶሊ ደግሞ ካየችው ኑሮ ዘፈን መጻፍ የምታውቅ ሰው ናት።

ኮሚቴ ተመርጧል፣ ዕቅድ ጸድቋል፣ ሐሙስ ሐሙስ ተገናኝተናል። እሱን አልዘረዝርም።

ዶሊ በ1946 እ.ኤ.አ. በቴኔሲ ገጠር ተወለደች። ከ12 ልጆች አራተኛዋ ናት። አባቷ ላዋለዳት ሐኪም የከፈለው ገንዘብ ሳይሆን የበቆሎ ዱቄት ነበር። በ1964 ሁለተኛ ደረጃን በጨረሰች ማግስት የካንትሪ ሙዚቃ ማዕከል ወደሆነችው ናሽቪል ገባች። በ1967 በካንትሪ ዘፋኙ ፖርተር ዋጎነር የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ መዝፈን ጀመረች። ከእሱ ፕሮግራም ስትለይ ለስንብት የጻፈችው «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» በ1974 ወጣ። ልጆቹ ግን «የዊትኒ ሂውስተን ነው!» ብለው ድርቅ አሉ። ዊትኒ የዘፈነችው በ1992 መሆኑን ያመኑት የዶሊን ካሰማኋቸው በኋላ ነው።

ከዚያ የኤልቪስን ነገር ነገርኳቸው። ኤልቪስ ፕሪስሊ ይህን ዘፈን ሊዘፍነው ፈልጎ ነበር። ማናጀሩ ግን የዘፈኑ የባለቤትነት መብት ግማሽ ይሰጠን አለ። ዶሊ አልሰጥም አለች። ከባድ ውሳኔ ነበር፤ የዊትኒ ቅጂ ዓለምን ሲያዳርስ ግን የደራሲነት ገቢው የራሷ ሆነ። በዚያው ሰሞን የኛንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996ን አብረን አየን። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ግጥማቸው ሥር ስማቸውንና ቀኑን ሳይጽፉ አያስረክቡም።

አንዱን ቀን ግን ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ። የዶሊ አባት ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። በ1995 እ.ኤ.አ. ለሕፃናት በነፃ መጽሐፍ የሚልክ ፕሮግራም የጀመረችው በእሱ ምክንያት ነው። ይህን ስናወራ ዓመቱን ሙሉ ድምፁ ያልተሰማ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ቀና አለ። በሚቀጥለው ሐሙስ ግጥም ይዞ መጣ። ግጥሙ ማታ ማታ ለአባቱ የመብራት ቢል ስለሚያነብ ስለ አንድ ልጅ ነው። ጓደኞቹ ወደዱት፤ ግን «‹አባቴ አያነብም› የሚለውን ‹ዓይኑ ደክሞ ነው› ብትለውስ? ሰው ይስቅበታል» አሉት። ልጁ ወረቀቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ «ለአባቴ አንብቤለታለሁ። እንዳትነካው ብሎኛል» አለ። ማንም መልስ አልሰጠም። እኔም መናገር አቃተኝ። ግጥሙ በወላጆች ቀን በክራር ተዘፈነ፤ አንድም ቃል አልተቀየረም።

ያልተሳካልንም አለ። ሁለተኛው መንፈቅ ላይ ክፍላችን ለማጠናከሪያ ትምህርት ተወሰደብንና ደጅ ላይ ተለማመድን። ጊታራችን ሁለት ክር የለውም። ለእግር ኳስ ቡድናችን ማሊያ በየዓመቱ ይገዛል፤ ይገባዋልም። ለሙዚቃ ክበብ ግን እኔ እዚህ ትምህርት ቤት ከመጣሁ ጀምሮ በጀት ተይዞ አላየሁም።

ለመጪው ዓመት የምንፈልገው የጊታር ክር፣ አንድ ማይክሮፎን፣ ሁለት ክራርና በር ያለው ክፍል ነው። ቤት ውስጥ የተቀመጠ የሙዚቃ መሣሪያ ያላችሁ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ብቅ በሉ። ልጆቹ የጻፉትንም ትሰማላችሁ።