ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ ስለ ቅዳሜው ፊልም

ሐረር

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የታሪክ ክበባችን በመጪው ቅዳሜና በቀጣዩ ቅዳሜ ስለ ባርነትና ስለ ነፃነት ትግል የተሠሩ ሁለት ፊልሞችን ያሳያል። የሚጀመረው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ለምን ከሰዓት እንዳላደረግነው ለሐረር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

“ፈተና ደርሶ ምን ፊልም ነው?” ያላችሁኝ አላችሁ። ልጆቹ እንዲህ ያለውን ፊልም በስልካቸው ማየታቸው አይቀርም። አስተማሪ ባለበት፣ እየጠየቁ ቢያዩት ይሻላል ብለን ነው።

የመጀመሪያው “አሚስታድ” ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 በዚህ ስም በምትጠራ መርከብ የተጫኑ አፍሪካውያን አምፀው መርከቧን ያዙ። ጉዳያቸው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ1841 ነፃ ተባሉ። ፊልሙ ጥሩ ነው። ነገር ግን አመፁን ቶሎ አሳይቶ ረጅሙን ሰዓት ለጠበቆቹና ለችሎቱ ይሰጣል። ይህን ብቻ ያየ ልጅ “ነፃነትን ደግ ሰው ሰጣቸው” ብሎ ቢወጣ አይፈረድበትም።

ሁለተኛውን የመረጥነው ለዚህ ነው። “ሳንኮፋ” ይባላል፤ የጎንደር ተወላጁ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ነው። አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ሞዴል ለፎቶ ጋና ሄዳ፣ ድሮ ባሪያ ይጫንበት ከነበረ ምሽግ ውስጥ በአንዴ ወደዚያ ዘመን ትመለሳለች፤ በባርነትም ትጋዛለች። እዚህ ባሮቹ ራሳቸው በምስጢር ይመክራሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ይነሳሉ። ከጌቶቹ ጋር ያበረም ከመካከላቸው አለ። ኃይሌ አሜሪካ ውስጥ አከፋፋይ ቢያጣ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ነው ያሳየው። ለእኔ የሚበልጠው ይኼኛው ነው።

ሁለቱም ፊልሞች የአትላንቲክን የባሪያ ንግድ እንጂ የእኛን አይነኩም። ልጆቻችንም “ይህ የነጮች ሥራ ነው” ይላሉ። ከሐረር ወደ ዘይላ ወደብ ይወርድ የነበረው ሲራራ ግን ከቡናና ከዝሆን ጥርስ ጋር ሰውም ይነዳ ነበር። በልጅነቱ ከአገራችን ተሸጦ ሕንድ የገባው ማሊክ አምባር እዚያ የጦር መሪ ሆኖ መንግሥት አስተዳድሯል፤ ያረፈውም እ.ኤ.አ. በ1626 ነው። እኛ ዘንድ ባርነትን የሻረው አዋጅ የወጣው ደግሞ በ1934 ዓ.ም. ነው። ሩቅ አይደለም፤ በሕይወት ያሉ አያቶች ያንን ዘመን ደርሰውበታል። በግቢያችን አንዱ ልጅ ሌላውን በመልኩና በዘሩ ሲሰድብ የምንሰማው ከዚያ የተረፈውን ነው። ስለዚህ ከፊልሙ በኋላ የታሪክ መምህራችን አንድ ሰዓት የሚያወያዩት ስለዚሁ ስለ አካባቢያችን ነው። አያት ያላችሁ፣ ልጁ ቤት መጥቶ ቢጠይቅ እባካችሁ “ዝም በል” አትበሉት።

ፊልሞቹ ግርፋትና በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃት አለባቸው። መምህሩ ቀድመው አይተው የሚታለፈውን ያልፋሉ፤ ሁሉንም ግን መቁረጥ አይቻልም። ልጃችሁ እንዲያይ የማትፈልጉ ከሆነ በቅጹ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ቤተ መጻሕፍት ይቆያል፣ ነጥብም አይቀነስበትም። መጥታችሁ አብራችሁ ብታዩ ደስ ይለናል።

ቅጹ ተፈርሞ እስከ ሐሙስ ይድረሰን።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር