ይድረስ ለመሐንዲሱ

ወንድሜ፣ እንደምን ከርመሃል? የእናትህን ነፍስ ይማር። ያኔ መደወል ነበረብኝ፣ ዝም አልኩ። ስንገናኝ እስክትጠግብ ትሰድበኛለህ።

አሁን ግን ጉዳይ አለኝ። (ሲቸግረው ብቻ ነው የሚያስታውሰኝ አልክ አይደል? በል።)

እዚህ ሙኒክ ያለን የመርሐቤቴ ልጆች ለአገር ቤት ገንዘብ አዋጥተናል። ደህና ብር ወጥቷል። ጭቅጭቁ ምን ይሠራበት የሚለው ላይ ነው። ሰብሳቢያችን የናፍጣ ወፍጮ ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ። ባለፈው ስብሰባ ከወፍጮው ይልቅ በሩ ላይ ስለሚለጠፈው ጽሑፍ ብዙ ተወራ። «ከሙኒክ ልጆች የተበረከተ» ይባል ወይስ ስማችን ይዘርዘር? አንዱማ ፎቶም ይኑርበት አለ።

እኔ ድንጋዩ ሲደነዝዝ ማን ይወቅረዋል አልኩ። ቺንጋው ሲበጠስስ? ናፍጣው በአህያ ሊጫን ነው? «አንተ ደግሞ ሁሌ ማፍረስ ነው» ተባልኩ።

እህቴ ጋ ደወልኩ። ወፍጮማ ገበያው ዳር አለ፣ እዚያ እናስፈጫለን አለችኝ። የሚያማርራት ውኃው ነው። መጋቢት ላይ ምንጩ ይከሳል። ሰውም ከብትም ከአንድ ጉድጓድ ነው። ጭቃውን ገፋ እያደረገች በጣሳ ትጨልፋለች። ጀሪካኑ እስኪሞላ ያዘለችው ልጅ እንቅልፍ ይወስደዋል።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ምንጩን ማጎልበት ነው። ዓይኑን በድንጋይና በሲሚንቶ መያዝ፣ ቧንቧ ማውጣት፣ ራቅ አድርጎ የከብት ገንዳ፣ ዙሪያውን አጥር። ይሄን ላንተ ማስረዳቴ ድፍረት ነው።

ስብሰባው ላይ ካርልን፣ ተዋናዩን ካርል ሄንዝ ቦምን፣ አነሳሁባቸው። እዚህ አሮጊቶቹ የሚያውቁት በወጣትነቱ ንጉሠ ነገሥት ሆኖ በተወነባቸው ፊልሞች ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1981 ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ፣ ከሦስት ተመልካች አንዱ አንዲት ማርክ እንኳ አይሰጥም ብሎ ተወራረደ። ረታም። ያን ያህል ሰው አልሰጠም። የተሰጠው ገንዘብ ግን እሱን ባቢሌ የስደተኞች መጠለያ ድረስ አመጣው፣ ከዚያ ኤረር ሸለቆ ሥራ ጀመረ። ብሩን አስረክቦ ፎቶ ተነስቶ አልተመለሰም። ያቋቋመው ድርጅት፣ ሰዎች ለሰዎች፣ እኛም ጋ ሲመጣ ስንት ዓመት ከርሞ ነው የሠራው! እርከኑ፣ ችግኙ፣ እናት ሆስፒታል። እዚሁ አጠገባችን ያለችው ፋተርስቴተንም ከመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ጋር ከተወዳጀች ስንት ዘመኗ ነው። «ፈረንጆቹ አገራችንን ከኛ በላይ ያውቋታል» ብል ማንም አልሳቀልኝም።

እና... «እዚያ የውኃ ሰው አለኝ» ብዬ ስምህን ሰጠሁ። አላስፈቀድኩህም። አበል የለውም፣ የመንገድህን ግን ከኪሴ እችላለሁ። መንገዱ እንደ ድሮው አይደለም ሲሉ እሰማለሁ። ለዚህ ብለህ ራስህን አደጋ ላይ እንዳትጥል። ሲረጋጋ ሂድና ጀሪካኑ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ለካልኝ። አሸዋ ማስጫኛ ስንት እንደገባ ጠይቅ። ሴቶቹን ለብቻቸው አነጋግራቸው፣ ወንዶቹ ፊት አይናገሩም። ለጥገና በየወሩ ምን ያህል ማዋጣት ይችላሉ? ብሩንስ ማን ይይዛል?

አንድ ነገር ደግሞ። እንዴት እንደምልህ አላውቅም። ምንጩ የእህቴ ጎጥ ነው። ይሄንን ስብሰባው ላይ አልተናገርኩም። «ለዘመዱ ሊያሠራ» ይሉኛል፣ ደግሞ ትንሽ እውነት አላቸው። ከዚያ የባሰ ምንጭ ካለ እሱን ንገረኝ። እህቴን አትስማት፣ እኔንም አትዘንልኝ። አንተ ያየኸውን ጻፍ።

ቴሌግራም አለህ አይደል? በድምፅ ላክልኝ። የምትጽፈውማ ከድሮም አይነበብም። ሰብሳቢው ከፋሲካ በፊት ይወሰን ብሏል። እምቢም ካልክ ቶሎ በል፣ ሰውየው ወፍጮውን ሳይገዛው።

ልጆቹን ሳምልኝ።

ያው ወንድምህ