ለልጄ፤ ስለ መኪናውና ስለ ፊልሞቹ

ውድ ልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከሌሊት ሥራ ስትመለሺ መሪ ላይ አሸልበሽ መኪናው ከመንገድ ሊወጣ እንደነበር አክስትሽ ደውላ ነገረችን። አንቺ ባለፈው እሁድ ስንነጋገር ትንፍሽ አላልሽም። እንቅልፍሽ ሳይወጣልሽ መኪና እንዳትነጂ።

እዚህ ማታ ማታ ፊልም ሆኗል ሥራችን። ወንድምሽ ቴሌቪዥኑን ከኢንተርኔት ጋር አገናኝቶልን የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» አየን። የጎንደር ልጅ ነው ብዬ አላደላም፤ ረዝሟል፤ አንዴ ወደ ኋላ አንዴ ወደ ፊት ሲል ሰው ያደክማል። እናትሽ መሀል ላይ ተኝታለች። የአንበርብር እናት ብቅ ባለች ቁጥር ግን ማን እንደሚቀሰቅሳት እንጃ፣ ነቅታ ታለቅሳለች። ልጁ ከጀርመን አንድ እግሩን አጥቶ ነው የሚመለሰው። በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ መሸለሙ አይደንቀኝም። ሳንኮፋ የሚባለው የኃይሌ መጻሕፍት ቤት እዚያው ዋሽንግተን ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ነው አሉ። ያንቺው ሲልቨር ስፕሪንግ የሚደርሰው መንገድ አይደል? ሄደሽ እይልኝ። በአውቶቡስ።

«ድፍረት»ን ስንጀምር መብራት ጠፋ። የቀረውን እናትሽ አላይም አለች፤ የጠለፋ ነገር አትወድም፣ ታውቂያለሽ።

እኔን የያዘኝ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ነው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ካን የገባው። ኤፍሬም የሚባል ልጅ እናቱ ትሞትበታለች፤ አባቱ ዘመድ ቤት አስቀምጦት ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ይሄዳል። አጎትየው የልጁን በግ ለበዓል ሊያርድበት ያስባል፣ ወጥ ቤት ሲገባም ይቆጣዋል። ልጁ ሳምቡሳ ጠብሶ ይሸጣል እኮ! ወንድምሽ እንቁላል እንኳ አይጠብስም።

እኔም በ77 ድርቅ ጊዜ አባባ ከበለሳ ደብረ ታቦር አምጥቶ እቴቴ ቤት ጥሎኝ ሄዷል። «ለመስቀል እመጣለሁ» አለኝ። መስቀል መጣ፣ እሱ ቀረ። በዓመቱም መስቀል መጣ። ችቦው ሲለኮስ ሁሉም ወደ እሳቱ ሲያይ እኔ ወደ መንገዱ ነበር የማየው። ኋላ አንድ ከሲታ ሰውዬ በር ላይ ቆሞ ስሜን ሲጠራ እቴቴ ጀርባ ተደበቅሁ። አባባ ነበር። እስኪሞት ድረስ ይህን እያነሳ ይስቅ ነበር፤ እኔ ግን አንድም ቀን አልሳቅሁም። እናትሽ ፊልሙን «ትንሽ ቀዘቀዘብኝ» አለች፤ ተጣላን።

ምን ልልሽ ነበር? አዎ፣ መኪናው። ሌሊት ሠርተሽ ስትወጪ እዚያው ጋደም በይ፣ ወይም ታክሲ ያዢ። ገንዘብ ከጠበበ ለኛ የምትልኪውን ቀንሺ፤ ጡረታዬ ይበቃናል። እንቅልፍሽ ሳይወጣልሽ እንዳትነጂ ብያለሁ፤ ሁለተኛ ከአክስትሽ እንዳልሰማ።

የጎረቤታችን ልጅ ቅዳሜ ወደዚያ ትበራለች። በርበሬ፣ ሽሮና የተቆላ ቡና ይዛልሻለች። ሽሮው ነጠላ ውስጥ ነው የተጠቀለለው፣ ቀስ ብለሽ ፍቺው። አዳርሽ ሥራ ከሆነ ኤርፖርት አክስትሽ ትሂድ።

አባትሽ